የአሮጌው ጋን ብርዝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጠጅ ጥሎ የሚሸጥ። ልጄን ስንት ዓመት ሲሞላው ጠጅ ላቅምሰው ብለህ ጠይቀኸኛልና መልሴ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ነው። ታገሠኝ።

ሰውየው ከባዶ እጁ ተነሥቶ ቤት ያቆመ ነው። ሁሉን ይቆጥራል። ጌሾው ጋን ውስጥ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ማን ስንት ብርሌ እንደ ጠጣ፣ ስንተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ያውቃል። ሕጉ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ባዘዘ ጊዜ፣ በከተማው ካሉት ጠጅ ቤቶች ትእዛዙን የጠበቀ እሱ ብቻ ነበር። ጢም ያላወጣ ጎረምሳ የታላቅ ወንድሙን መታወቂያ ይዞ ሲመጣበት፣ ካርዱን ተቀብሎ ጀርባው ይደብቅና «መቼ ተወለድህ?» ይለዋል። ልጁ ሲንተባተብ «በል ሂድ፤ የተወለድህበትን ስታስታውስ ትመለሳለህ» ብሎ ይሸኘዋል።

ጎረምሶቹ ግን ከደጁ አልርቅ አሉ። ሌላ መዋያ ስለሌላቸው አጥሩን ተደግፈው ይውላሉ። ሰውየው ይህን አይቶ እሑድ እሑድ ግቢው ውስጥ ብርዝ ያቀርብላቸው ጀመር። ብርዝ እንደምታውቀው ማርና ውኃ ነው፤ ጌሾ የለው፣ አያሰክር። ወላጆች መረቁት። የሚቀዳላቸውም የገዛ ልጁ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ ሰባት፣ ንግግሩ ቁጥብ።

በመጀመሪያዎቹ አራት እሑዶች ብርዙ ጧት በአዲስ እንስራ ይበጠበጥና በዚያው ቀን ያልቃል። ለአምስተኛው እሑድ ግን ከሴት ከወንድ ሠላሳ አራት ልጅ እንደሚመጣ ተሰማ። እንስራው አይበቃም። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ስለሆነ እጁ አይፈታም። ስለዚህ ሰውየው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠጅ የጣለበትን ጋን አወጣ፤ በፈላ ውኃና በግራዋ ቅጠል አጥቦ፣ ሐሙስ ዕለት ብርዝ በጥብጦ ሞላው። አፉን በጨርቅ አስሮ ጓዳ ቆለፈበትና ቁልፉን ለልጁ ሰጠ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሳቅ ተሞላ። አንዱ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። ሌላው ዛፍ አቅፎ ያለቅሳል። የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ሴት ልጅ ጓደኞቿ በግራ በቀኝ ደግፈው ወሰዷት፤ ሰኞ ጧት ፈተና ነበረባት፣ ስትነቃ ግን ፈተናው አልቋል።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊው ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«ፊት ለፊት መታወቂያ ታገላብጣለህ፣ በጓሮ ልጆቻችንን ታሰክራለህ!» አለው።

«ጌሾ አላስነካሁትም። ማተቤን ይዤ እምላለሁ» አለ ጠጅ ጣዩ።

«እንግዲያ ማሩ ነው የሰከረው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ጠጅ ጣዩ ግን ፊቱ ጠቆረ። ስንት ዓመት የገነባው ስም በአንድ እሑድ ሊፈርስ ነው። ጓዳውን ማን እንደሚከፍት አሰበና ዐይኑን ወደ ልጁ መለሰ።

«ምን ጨመርህበት? አረቄ ነው?»

«አባዬ፣ ምንም አልጨመርሁም።»

«ቁልፉ ከማን ጋር ነበር?»

«ከእኔ ጋር። ግን አልጨመርሁም።»

«ያሁን ዘመን ልጅ!» አለ አባት። «ጥርስ ሳያበቅል ብርሌ ይመኛል!» ወዲያውም ፈረደበት፤ ትምህርቱን ትቶ ቆላ ወዳለው አጎቱ ይውረድ፣ ሰሊጥ እያጨደ ልብ ይግዛ አለ።

ሳቁን የሸፈነው ሽማግሌ «በልጅህ ላይ ያለህን ሥልጣን አልነካብህም» አለ። «ግን ስትቆጥር የኖርህ ሰው ነህ፤ ያላየኸውን አትቁጠር። እስከ እሑድ ቆይ።»

ሰውየው የልጁን ጥፋት በዐይናቸው ላሳያቸው ብሎ እሺ አለ። ሐሙስ ከአንድ ቀፎ ማርና ከአንድ ምንጭ ውኃ ብርዝ በጠበጠ። ግማሹን በአሮጌው ጋን፣ ግማሹን በአዲሱ እንስራ ገለበጠ፤ አንድ ነገር ያለ አቻው እንደማይለካ ያውቃልና። ሁለቱንም አሰረ፣ ጓዳውን ቆለፈ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተቀመጠ። እዚያው በላ፣ እዚያው ተኛ። ልጁ በፊቱ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየውም። ልጁም ልብሱንና ደብተሮቹን በጆንያ ከትቶ እሑድን ይጠብቃል።

እሑድ ሁሉም ባሉበት ጓዳው ተከፈተ። እንስራው ጸጥ ብሏል። ጋኑ ግን አረፋ ደፍቶ እሽ እሽ ይላል። ልብስ ሰፊው ከእንስራው ቀመሰ። «ይሄ ማር ነው» አለ። ከጋኑ ቀመሰ። ደገመና ቀመሰ።

«ይሄማ ጠጅህ ነው!»

ጠጅ ጣዩ ወደ ጋኑ ቀረበ። ማንም አልገባም፤ የጠበቀው ራሱ ነው። እጁን በጋኑ አፍ ሰድዶ ውስጡን ዳሰሰ። ሸክላው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠጅ ሲጠጣ ኖሯል። አንድ ቀን በፈላ ውኃ ቢያጥቡት ውጭው ነጣ እንጂ ውስጡ የሰረገውን እርሾ አልለቀቀም፤ ያገኘውን ጣፋጭ ሁሉ ወደ ራሱ ጠባይ ይመልሳል። ጌሾ የሚጨምርበት ሰው አያስፈልገውም። ያንን ጋን የመረጠው ደግሞ ልጁ አልነበረም።

ያን ጊዜ አባት ለልጅ የማያደርገውን አደረገ። ባርኔጣውን አውልቆ በሽማግሌዎቹ ፊት ጎንበስ አለ።

«በድዬሃለሁ፤ ማረኝ ልጄ።»

ልጁ ደንግጦ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። «ተው አባዬ፣ ሰው እያየ» አለው።

ሰኞ ጧት ጠጅ ጣዩና ልብስ ሰፊው አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ልጅቷ ፈተናዋን እንድትወስድ ለመለመን። የጠጅ ጣዩም ልጅ ከእነሱ ቀድሞ መማሪያ ክፍሉ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ልጅህ አሥራ ስምንት ሞላው። ጎረቤትህ «ቤትህ ውስጥ አለማምደው» ይልሃል፤ ባለቤትህ «ሃያ አንድ ሳይሞላው አይሆንም» ትላለች። እኔ ባለቤትህን እሰማለሁ። ቁጥሩ ይጠበቅ። ግን ቁጥር በር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው፤ የሚከለክለው ከውጭ የሚገባውን ነው። ልጅህ የተበጠበጠ ብርዝ ነው። ጋኑ አንተ ነህ። ገና ሲድህ ጣትህን ጠጅ ነክረህ ስታልሰው፣ ፊቱን ሲያጨማድድ «ወንድ ነው!» ብለን አብረን አልሳቅንም? ስታዝን ጠጣህ፣ ስትደሰት ጠጣህ፣ እንግዳ ሲመጣ ጠጣህ፤ እሱ አጠገብህ ነበር። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት ቢገባ ደግሞ ማን ጨመረበት ብለህ ጓደኞቹን ትከሳለህ።

ጋን ይለወጣል ወይ ብትለኝ፣ ሸክላ መሰበር ነው እጣው፤ ሰው ግን ይለወጣል። በአንድ ሐሙስ አይደለም እንጂ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አንድ ሦስት ዓመት አለ። ሰው ሁሉ እነዚህን ዓመታት ሕጉ ለልጁ የሰጠው ይመስለዋል። እኔ ግን ቆጥሬ ቆጥሬ ላንተ የተሰጡ ሆነው አገኘኋቸው።