ወቀሳው ይደርሳል

አንድ ሰው ነበር፤ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚኖር፣ እንጨት በታንኳ እየጫነ ከተማ የሚያደርስ። ስሙን አንለይ እንበለው። ታንኳ ስላችሁ ከደንገል ቄጠማ የሚታሰረውን ማለቴ ነው። የደንገል ታንኳ ክፉ አመል አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለ ታንኳ ሁሉ ከመንገድ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም።

አንለይ ግን አንድ ማታ ከከተማ ሲመለስ ደክሞት ነበርና «ነገ አወጣዋለሁ» ብሎ ውሃው ላይ ተወው። ነገ! ስንቱን ጉድ አመጣችብን፣ ይቺ ነገ!

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን ይታይሽን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ሞከረች፣ ሞከረችና፣ «ከእኔ አቅም በላይ ነው። ከተማ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች እናትም ልጅም አይተርፉም» አለች። ሌላው ሰው ሁሉ የየራሱን ታንኳ ይዞ ገበያ ሄዷል። የቀረው ያ ውሃ የጠገበው ብቻ ነው። ይታይሽን መሐሉ ላይ አስተኟት። እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ከኋላዋ ተቀመጡ፤ አንለይ ከፊት ሆኖ ይቀዝፍ ጀመር።

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ታንኳው ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ። ውሃው የይታይሽን ቀሚስ ነካ። ይህን ጊዜ አንለይ መቅዘፉን ትቶ ራሱን ይደበድብ ገባ። «እኔ ነኝ የገደልኳት! ሳላደርቀው! እኔ ነኝ!»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? የምታምጠው ልጃችሁ ናት እኮ! እኔ ብሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያው በመቅዘፊያው አናቱን እለው ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «አንለይ» አሉት፤ «ወቀሳው መሬት ስንረግጥ ይደርሳል። አሁን ቅዘፍ።»

ከዚያስ? ነጠላቸውን አውልቀው ልጃቸውን ሸፈኑ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተንሸራተቱና ውሃው ውስጥ ወረዱ! ዋና የማያውቁ ሴት! የታንኳውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ታንኳው ቀለለው፤ ብድግ አለ። አንለይም ቀዘፈ።

«እማ፣ የት ሄድሽ?» አለች ይታይሽ፤ ዞራ ማየት አልቻለችም።

«አለሁ ልጄ፣ እዚሁ ኋላሽ ነኝ። አይዞሽ፣ በርቺ።»

ወገኖቼ፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ማዕበሉ ፊታቸውን እየመታ፣ ብርዱ አጥንታቸው ገብቶ፣ ድምፃቸው ግን እቤት ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነበር። እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር እንዴት ያስደንቃል! እንዴት ያስፈራል!

ደረሱ። ልጁ ተወለደ፤ እናቱም ተረፈች። አንለይ ሄዶ አማቱ እግር ላይ ወደቀ። «መሬት ረግጠናል፤ አሁን ይውቀሱኝ» አላቸው።

እሳቸው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «እወቅስሃለሁ! መቼ እምርሃለሁና! መጀመሪያ ጋቢህን አምጣ፤ በርዶኛል» አሉት። ደግሞም ወቀሱት፣ አንጀታቸው እስኪርስ። ጥፋት ጥፋት ነዋ!

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። እኚህ ሴት ጉልበት ነበራቸው? አልነበራቸውም። ዋናስ? አልኳችሁ፣ አያውቁም። ንዴት አልነበራቸውም እንዴ? እንዴታ፣ ነበራቸው! ግን ንዴታቸውን አቆዩት። ጣታቸውን ሰው ላይ ከሚቀስሩ ታንኳውን ያዙበት።

እኛ ግን ቤታችን ውሃ ሲገባው ምን እናደርጋለን? ባል «አንቺ ነሽ» ይላል፤ ሚስት «አንተ ነህ» ትላለች። ወንድማማች በአባት ቀብር ማግስት ይካሰሳል። ውሃው ደግሞ ፍርዳችሁን አይጠብቅም፤ ይገባል። ጥፋተኛው ይታወቅ፣ ግድ የለም፤ ይነገረውም። ግን አሁን ነው? እየሰመጣችሁ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ ብላችሁ እዩ። እናንተ ግራና ቀኝ ሆናችሁ ስትካሰሱ፣ መሐላችሁ የተኛው ማን ነው?