ከጉድጓዱ የጮኸው ውሻ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ። የዛሬው በረት ግን የላም አይደለም፤ የውሻ ነው።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አያ ቢራራ የሚባል ሸማኔ ነበር። ብቻውን ይኖራል፤ ያለችው አንዲት አህያ ናት። ሸማውን ገበያ የምታደርስለት እሷ ናት። የበፊቷን ጅብ በልቶበታል። ይህችም ከተበላች ሽመናው አበቃ፤ ሸማ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣበት ጉልበት የለውማ።

ስለዚህ ውሻ ፍለጋ ወይዘሮ ዘርፌ ዘንድ ሄደ። እሳቸው ባለቤት ያጡ ውሾችን በበረታቸው ሰብስበው የሚያበሉ ሴት ናቸው። ውሾቹ ሁሉ ጅራታቸውን እየቆሉ ከበቡት። አንዱ ዳለቻ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ያንን ይስጡኝ» አለ ቢራራ። ለምን እንዳለ እሱም አያውቅም።

«ውሰደው። ካልሆነልህ መልስልኝ እንጂ መንገድ ላይ እንዳትጥለው፤ አንዴ ተጥሏል» አሉት።

ውሻው ገና ግቢ እንደገባ አጥሩ ሥር ተወሸቀ። አንድ ቀን ዝም፤ ሁለት ቀን ዝም፤ ሳምንት ዝም። ጎረቤት «ቢራራ ውሻ አመጣሁ ብሎ በግ አመጣ» እያለ ሳቀበት። እሱም ተናደደና ውሻውን «ምናገባችሁ» ብሎ ሰየመው፤ በዚያ አገር ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። ጠዋት ጠዋት «ና ምናገባችሁ!» ይላል። ጎረቤት ይሰማል፤ ውሻው አይመጣም።

ያኔ የቤቱ ዕቃ ሁሉ መካሪ ሆነ።

«በእኔ እሰረው፤ ይለምድሃል» አለ ገመድ። አሰረው። ውሻው ታንቆ ሊሞት ሲል ፈታው።

«እኔን አቅምሰው፤ ይጮሃል» አለ ዱላ። ቢራራ ዱላውን ገና ሲያነሣ ውሻው በቁሙ ሽንቱን ለቀቀ። ቢራራ በራሱ አፈረ። ዱላውን ሰብሮ ምድጃ ውስጥ ማገደው፤ የዱላም ምክር በዚያው አበቃ።

«እኔን ሙላኝ» አለ ውሻው የሚበላበት ገል። «በየቀኑ ሙላኝ፤ በየቀኑም አንዲት ስንዝር ወደ መቀመጫህ አስጠጋኝ። ሌላ ነገር አታድርግ።»

«እንዲህ ሆኖ መቼ ይደርሳል?»

«አንተስ ሸማ በአንድ ቀን ታደርሳለህ?» አለው ገል። ቢራራ ተነሥቶ ገሉን ሞላው።

ስንዝር፣ ስንዝር፣ ስንዝር። ቢራራ ሲቆም ውሻው ይሸሻል። ሽመናው ላይ ሲቀመጥ ግን አይሸሽም። ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከላይ አይታይም። ለካስ ውሻው የሚፈራው ሰውን ሳይሆን እግርን ኖሯል! ስንቱ ረግጦት ይሆን? ከዚያ ወዲያ ቢራራ፣ ውሻው በልቶ ሳይጨርስ፣ ከጉድጓዱ አይነሣም።

አያ ጅቦ ደግሞ የጎረቤቱን ሐሜት ሰምቷል። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ አጥሩ ጋ መጣና «እህ! እህ!» አለ። ውሻው ዝም። በሳምንቱ መጥቶ አጥሩን ነቀነቀ። ውሻው ዝም።

«አያ ቢራራ!» አለች አህያ። «አንተ እሱን ትጠብቃለህ፤ እኔን ማን ይጠብቀኝ? ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ መልሰው!»

«እሺ፣ ቅዳሜ» አለ ቢራራ። አፉ አለ እንጂ ልቡ አላለም። አያ ጅቦም ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይህን ሰማ።

«ሁለት ስንዝር ብቻ ቀርታኝ ነበር» አለ ገል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ገሉ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ። ውሻው በላ። እንደ ወትሮው ወደ አጥሩ አልተመለሰም። ጉድጓዱን አሸተተ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ያንን የሚፈራውን እግር አሸተተና እላዩ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ። ቢራራ መወርወሪያውን አስቀመጠ። እግሩ ደነዘዘ፤ እሱ ግን ከደስታው የተነሣ መተንፈስ እንኳ ፈራ።

ይኼኔ አያ ጅቦ በሩን ገፍቶ ገባ። በማያውቁት አገር ቢሆን ቁርበት አንጥፉልኝ ይል ነበር፤ እዚህ ስለሚታወቅ በቀጥታ ወደ አህያዋ አለ። አጥሩን ቢያይ ውሻ የለም፤ ደጁን ቢያይ ውሻ የለም።

«ቅዳሜ ሳይደርስ መለሱት!» ብሎ ተደሰተ።

«አያ ቢራራ፣ ነግሬህ ነበር!» ብላ አህያዋ አናፋች። ቢራራ ልነሣ ቢል እግሩ አልታዘዝ አለው።

ያኔ ጉድጓዱ ጮኸ። ስንት ሳምንት የተጠራቀመ ጩኸት በአንዴ ወጣ። አያ ጅቦ «ኧረ መሬት ጮኸች!» ብሎ በሩ ጠፋበትና በአጥሩ ወጣ፤ ጠጉሩ ግማሹ እሾህ ላይ ቀረ። ውሻው ከጉድጓዱ ዘሎ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘው፤ ከዚያም ሳይጠራ ተመልሶ መጣ።

ቅዳሜ ቢራራ አህያዋን ጭኖ፣ ውሻውን አስከትሎ ገበያ ሲወርድ ወይዘሮ ዘርፌ ከበራቸው ላይ አዩት።

«ስሙን ማን አልከው?» አሉት።

ቢራራ አፈረ። ለትልቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይንገር?

«ልትመልሰው ነው እንዴ የመጣኸው?»

ለዚህኛውም አፉን ሳይከፍት ውሻው ሄዶ የቢራራ እግር ላይ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ዘርፌ «ገባኝ» ብለው በራቸውን ዘጉ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ የአፌን ዳቦ ግን ለውሻው በገሉ አድርጉለት። በገመድ የመጣ አጥር ሥር ይቀራል፤ በስንዝር የመጣ እግር ላይ ያድራል።