የእንቁራሪት ክዳን

ተረት ተረት! የእንቁራሪት ጥሪት!

አንዲት ስስታም እንቁራሪት ነበረች። ያላት አንዲት ኩሬ ብቻ ናት፤ ልጆቿም የሚያድጉት እዚያው ነው። በበጋ ኩሬዋ በየቀኑ ስትጎድልባት ጎረቤቷን አህያን አፋጠጠችው።

«አያ አህያ፣ ውሃዬን ማን ጠጣብኝ?»

ነገር የማይገርመው አህያ «የእኔም ጉድጓድ እየጎደለ ነው። ይልቅ ወደ ላይ እዪ» አላት።

ቀና ስትል ፀሐይን አየቻት። «እትዬ ፀሐይ፣ ለካ አንቺ ነሽ ሌባዋ!»

«እኔ ምን አደርግበታለሁ?» አለች ፀሐይ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ። «ለደመና ነው የምሰጠው። ደመናም ሲከብደው መልሶ ያወርደዋል።»

«ወሬሽን ለሌላ ንገሪ!» አለችና እንቁራሪት ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ጎትታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች፣ ኩሬዋን እንደ ጎጆ ከደነችው። ውሃዋ መጉደሉን ተወ። እሷም ከሥር ቁጭ ብላ ኮራች።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ክዳኑ ላይ ወረደና በቅጠሉ ተንሸራቶ የአህያ ጉድጓድ ውስጥ ተንዶለዶለ። የእንቁራሪት ውሃ ግን ከርሞ ሸቶ ነበርና ልጆቿ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወደ አህያ ሄዱ።

ብቻዋን ቀረች። ትንሽ ቆይታ ወጣችና ቅጠሉን ሁሉ ገፍታ ጣለችው። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ብቅ አለች።

«እትዬ ፀሐይ» አለቻት እንቁራሪት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካለችኝ ውሃ ላይ ውሰጂ፤ ስትመልሺ ቤቴ ክፍት ነው።»

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ ዞሮ ይመለስልኝ።