የመዝገብ ቤቷ ሊኑክስ

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሊኑክስ በተባለው በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም እንዲሠሩ ተወሰነ። ሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነውና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚመቸውን እንዲመርጥ ተነገረው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለጀማሪ ይቀላል የተባለውን መረጠች፤ ከምሳ በፊት ጭና ጨርሳ ደብዳቤ መጻፏን ቀጠለች።

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው አቶ መንበሩ ግን ሰው የሚማረው በከባዱ ነው ባይ ናቸው። እሳቸው ከባዱን መጫን ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስበው ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ አነበቡ፦ «ቀላሉን የጫነ ሁሉ እስከ ሰኞ ያጥፋ። ያላጠፋ ኮምፒውተሩን ያስረክብ።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «አንቺማ የልጆች መጫወቻ ነው የጫንሽው! የምትይው ካለሽ እስቲ እዚሁ ሰው ፊት ተናገሪ» አሏት።

«ኧረ አጠፋለሁ ጋሽ መንበሩ» አለች ተነሥታ። «ብቻ ሐሙስ ዕለት የእርስዎ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ እኔ ጋ መጥተው የጻፉት ይኸው ትእዛዝ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱንም ላጥፋቸው ወይስ የእርስዎ እስኪነሳ ድረስ ላቆይልዎት?»