ወሰራ እንቁላል የታቀፈ ዕለት

ልጆቻችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉና ስሙኝ። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ የቤት ዕቃ እንኳ ሳይቀር ጎረቤቱን ያማ በነበረበት ዘመን፣ በወይዘሮ ስንቅነሽ ቤት አንዲት ዶሮ ነበረች። ስሟ ዛጎልማ ነው። ባሏ ደግሞ ወሰራ፤ ድምፁ ሰፈር የሚቀሰቅስ፣ ኩሩ አውራ ዶሮ። ክፋት የለበትም፤ ብቻ ካልለመኑት ከአጥር ላይ አይወርድም።

ዛጎልማ ዓምና ታቅፋ አልሆነላትም። እንቁላሎቹ ውሃ ሆነው ቀሩባት። ጎረቤቱ ሁሉ ታዲያ ምን አለ? «ለመብላት እየተነሣች ነው ያበረደቻቸው። ሆዷን ወዳ!» አለ። ይቺ ወሬ ከእኔ አፍ አልወጣችም፤ ግን ደርሳኛለች።

ዘንድሮ በጾሙ መሐል እንደገና ታቀፈች። ወይዘሮ ስንቅነሽ አፏ የተሰበረ ጋን አምጥተው በሩ አጠገብ አኖሩና ገለባ ጎዘጎዙባት። ነጎድጓድ እንቁላሎቹን እንዳያበላሽም፣ እጀታው የወለቀ አሮጌ ማጭድ ከገለባው ሥር ሸጎጡ። ከዚያ ዛጎልማን አስቀመጧትና፣ «ዘንድሮም ጫጩት ካላየሁብሽ ለፋሲካ አንቺኑ ነው የማሳርደው!» አሏት።

ይኼን በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲያ መላ አካሏ ፍርሃት ሆነ። የፈራች እናት ደግሞ የመከራትን ሁሉ ትሰማለች።

መጀመሪያ የመጣችው ላሚቱ ሻሼ ነበረች። አንገቷን በበሩ አስገባች።

«እንዴት ዋልሽ ዛጎልማ? ልጆቹ ቅቤ ተቀቡ?»

«ቅቤ? ገና እንቁላል ናቸው እኮ፣ እትዬ ሻሼ!»

«ታዲያስ! የስንቅነሽ ልጆች እንደዚያ የደነደኑት በምን ይመስልሻል? በእኔ ቅቤ ታሽተው፣ የጠዋት ፀሐይ ሞቀው ነዋ! ቅቤ ያልነካው ልጅ አጥንቱ አይጸናም።»

«ተይ አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ» አለች ጋኗ ከሥር።

«አንቺ ደግሞ ከጠላ በቀር ምን ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ሻሼ፤ ጭራዋን ወዝውዛ ሄደች።

ዛጎልማ ባሏን ለመነችው። ወሰራ ምንቃሩን ከቅቤው ቅል ነክሮ መጣ፤ አብረው ዳር ያሉትን ሁለት እንቁላሎች ቀባቡ። ለካ እንቁላል የሚተነፍሰው በቅርፊቱ ነው! ቅቤው ደፈነው። ጋኗ ከሁለቱ ውስጥ ይሰማት የነበረው ትርታ ቀስ እያለ ጠፋባት። ጨነቃት፤ ግን ምን ታድርግ፣ አንዴ አፏን ዘግተውባታል።

ቀጥላ ድመቷ መጣች፤ እየተሽኮረመመች።

«ውይ የኔ እህት፣ ዛሬም እዚሁ ነሽ? እንዲህ በር ላይ ተዘፍዝፈሽ የሰው ዓይን እኮ በላቸው! ቦታ ቀይሪ እንጂ። እኔ ልጆቼን ሰባት ቤት ሳላዞር ዓይናቸው ተገልጦ አያውቅም።»

«ተይ አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ» አለች ጋኗ።

«የማትንቀሳቀስ ዕቃ ስለ መዞር ምን ታውቃለች?» አለች ድመቷ።

ባልና ሚስት አንዱን እንቁላል በምንቃራቸው እየገፉ ጉዞ ጀመሩ። የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ቋ! አለና ተሰበረ። ድመቷ ደርሳ ላሰችው።

«ምነው እትዬ ድመት!»

«እንዳይባክን ብዬ ነዋ! ቀሪዎቹንስ መቼ ነው የምታዞሪያቸው?»

ሦስተኛ የመጣችው አህያይቱ ነበረች። ጆሮዋን ጥላ፣ ደክሟት።

«ማሞላቀቅ አበዛሽ» አለቻት። «የእኔ ውርንጭላ በተወለደ ዕለት ቆሞ ሄደ። ማን አቀፈው? ማንም! ለብቻቸው ተያቸው፤ ይጠንክሩ።»

«ተይ አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ» አለች ጋኗ።

ዛጎልማ ግን ፋሲካ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። የቅቤው አልሆነም፣ የማዞሩም አልሆነም፣ እስቲ ደግሞ ይኼን አለች። እያለቀሰች ተነሣችና አጥሩ ጥግ ሄዳ ቆመች። ለእንቁላሎቹ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ዓይኗ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ሰማዩ ጠቆረ። የበልግ ነጎድጓድ ጓ! አለ። አሮጌው ማጭድ ከገለባው ሥር ጮኸ።

«ዛጎልማ! ነጎድጓዱን እኔ ይዤዋለሁ፤ ብርዱን ግን አልችልም! ነይ!»

ሮጠች። መሐል ግቢ ላይ ስትደርስ ወደቀች። ከብት የሚጠጣበት የውሃ ገንዳ አጠገብ ተዘረጋች፤ ክንፏን እንኳ ማንሣት አቃታት።

«ወሰራ!» አለች ጋኗ። «ውረድ ከዚያ አጥር!»

ወሰራ ዱብ አለ። «ምን ሆነችብኝ?»

«ምን ሆነች ትለኛለህ? ከታቀፈች ወዲህ እህል በቅጡ የቀመሰች መስሎሃል? ሸክሟ እኔ ላይ ነው፤ አውቀዋለሁ። እንቁላሎቹ እንደ ከበዱ ናቸው፣ እሷ ናት በየቀኑ የቀለለችኝ። ሆዷን ወዳ እንዳይሏት ስትል መብላቱን ተወችው። የመጣው ሁሉ ስለ እንቁላሉ ይናገራል፤ ‹አንቺስ?› ያላት የለም።»

ወሰራ ላባው ሟሸሸ። «ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ ጋን? ሄጄ ምክር ልጠይቅ?»

«ምክርስ ጠግበናል። ና ታቀፍ።»

«እኔ? አውራው? አገር ምን ይለኛል!»

«አገር የሚልህን ልንገርህ? ‹ሚስቱ ድስት ስትገባ እሱ አጥር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር› ይልሃል።»

ወሰራ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ገባ። አቀማመጡን ብታዩት! አንድ እግሩ ውጭ፣ ጭራው ሽቅብ ተገትሮ፣ አንገቱ እንደ እንግዳ ሰው ተሰብሮ። ቢሆንም ክንፉን ዘረጋ፣ እንቁላሎቹም ሞቃቸው።

ዛጎልማ እየተንፏቀቀች ከገንዳው ጠጣች። ቀና አለች፣ ደግማ ጠጣች።

ወሬ መቼ ይደበቃል! ሦስቱም እየተንጋጉ መጡ።

«እሰይ! ወሰራ አራስ ሆነ!» አለች ሻሼ።

«ማርያም ማርያም እንበልልህ?» አለች ድመቷ። አህያይቱማ ሳቋ እስከ ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ወሰራ አፈረ፤ ሊነሣ ክንፉን ሰበሰበ። ይኼኔ ማጭዱ ከሥር ተናገረ።

«እንዳትነሣ! እናንተም ስሙ። እኔን እዚህ ያስቀመጡኝ ነጎድጓድ እንድመልስ ነው፤ እመልሳለሁም። የእናንተን ምክር የሚመልስ ብረት ግን አልተሠራም። ሁለቱን በቅቤ አፈናችሁ፣ አንዱን ደፍ ላይ ሰበራችሁ፣ የቀሩትን ለብርድ ሰጣችሁ። እናታቸውን ደግሞ እዩዋት። ያቻትና፣ ገንዳው ሥር!»

አዩዋት። አጥንቷ ተቆጥሯል።

መጀመሪያ ሻሼ ቀረበች። ክፋት ኖሯት አልነበረም እኮ፤ ልጇ ባደገበት መንገድ የሁሉም ልጅ የሚያድግ መስሏት ነው።

«ዛጎልማ እህቴ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ እህል ቀምሰሻል?»

ይቺን ስትሰማ ዛጎልማ ያልወጣላትን ልቅሶ ሁሉ አወጣችው።

ከዚያ ወዲያ ሻሼ በየቀኑ እየተኛች ጎኗን ትሰጣት ጀመር፤ ዛጎልማ መዥገሩን እየለቀመች ጠገበች። አህያይቱ ከገበያ ስትመለስ ጆንያዋን በር ላይ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ገብሱ ጠብ ጠብ ይላል። ድመቷ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ ደፉ ላይ ተኛች። (እንቁላሎቹን አንዳንዴ ታያቸው ነበር፤ እኔ ያየሁትን አልደብቅም። ግን አልነካችም።) እናትየዋ ለመብላት ስትወጣ ወሰራ ይተካታል፤ ውሎ ሲያድር ጭራውንም መሰብሰብ ለመደ።

ፋሲካ ሲቃረብ ጋኗ ውስጥ ጢው! የሚል ተሰማ። ደግሞ ጢው! በቅቤ የታፈኑት ሁለቱ አልወጡም፤ ዛጎልማ አልቅሳላቸዋለች። የቀሩት ግን አንድ ሳይቀር ቅርፊታቸውን ሰብረው ወጡ።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ጎንበስ ብለው አዩና እልል አሉ። «አንቺስ ተረፍሽ! ለፋሲካ አውራውን አሳርዳለሁ» ብለው ወሰራን ፍለጋ ዞሩ። አጥሩ ላይ የለም። ጣራው ላይ የለም። ቢያዩ፣ ጋኗ ጥግ ተቀምጧል፤ ከክንፉ ሥር ትናንሽ ራሶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ ሚስቱ አጠገቡ ገብስ ትለቅማለች።

ወይዘሮ ስንቅነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ይኼንንስ እጄ አይነካውም። እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ባል የለም!» አሉና ሌላ ዶሮ ሊገዙ ገበያ ወረዱ።

ተረቴን እዚሁ አስቀመጥኩላችሁ፤ የፈለገ ያንሣት። እናንተም አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ምክራችሁን በር ላይ አሳርፋችሁ ግቡ። መጀመሪያ «እህል ቀምሰሻል?» በሏት። ሕፃኑን ተቀብላችሁ እስክትበላ ያዙላት። በልታ ስትጨርስ ያን ጊዜ ምከሯት፤ ከፈለገች።