የጉሽ ወንዝ ካብና አንዱ ጎተራ

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ ሰውን በሚዳፈርበት፣ ሰውም ወንዝን በማይምርበት ዘመን፣ ጉሽ የሚባል ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ጉሽን በበጋ ብታዩት ፍየል የሚሻገረው ምስኪን ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ያብዳል፤ ማሳውን ጠርጎ፣ በጉን ነድቶ፣ ጎጆውን ከነምሰሶው ይዞት ይሄዳል። ሰዎቹ በየዓመቱ ያለቅሳሉ፣ በየዓመቱ መልሰው ይሠራሉ። ወይ ትዕግሥት! እኔ ብሆን ድሮ አገር ለቅቄ ነበር።

አንድ ዓመት የአገሩን ገዥ ግራዝማች ወንዳፍራሽን መረራቸው። «ዘንድሮ ወንዙ ዳር የድንጋይ ካብ ይካባል፤ ሐምሌ ሳይገባ ያልቃል» ብለው አዋጅ አስነገሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ያለው ተራራው ላይ፣ ካቡ የሚቆመው ታች ወንዙ ዳር ነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ከተራራው እስከ ወንዙ ይሰለፍና ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላል። ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው ከወጣ ድንጋዩ እዚያው ይቆማል። ታዲያ ግራዝማች እጅ ሲያጥራቸው ምን አሉ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ «ሁለት እጅ ያለው ሁሉ ይውጣ! ልጅ ያላት አዝላ ትምጣ! የቀረ በሬው ታርዶ ሰልፈኛው ይበላዋል!» አሉ። እሳቸው መቼ ልጅ አዝለው ያውቁና!

እናቶች አዝለው ወጡ። አንዱ ሲያለቅስ እናቱ ከሰልፍ ትወጣለች፣ ድንጋዩ ይቆማል። እሷ ስትመለስ የሌላዋ ይነሳል። ሰኔ ሲጠባ ካቡ ገና ከጉልበት አላለፈም።

በዚያ አገር ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቂቱ አያልነሽ ትባላለች። አባታቸው ድንጋይ ካቢ ነበሩና ሙያውን ያወረሱት ለእሷ ነው፤ ድንጋይን ከድንጋይ ታስታርቃለች ይሏታል። ያለ እሷ ካቡ ካብ አይደለም፣ ክምር ነው። ባሏን ወባ ወስዶባታል፤ የቀራት ገና የሚድህ አንድ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ልጁን ጥላ ሥር አስተኝታው ስትሠራ ነቅቶ ዳኸና ሰልፉ ሥር ገባ። ከአንዷ እጅ ድንጋይ አመለጠ፤ ከልጁ ራስ አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። አበስኩ ገበርኩ! አያልነሽ ልጇን አፈፍ አድርጋ አነሳችና መዶሻዋን ግራዝማች እግር ሥር ወረወረችው።

«ይስሙኝ ጌታዬ! ልጄን የሚይዝልኝ ሰው እስካላገኝ ድረስ እጄ ድንጋይ አይነካም። በሬ እንደሆን የለኝም፤ የሚያርዱት ካጡ እኔኑ ይረዱኝ!»

ካቡም ቆመ።

ከሰልፉ መሀል አንዲት ሴት ወጣች። የአያልነሽ ታናሽ፣ ውባንቺ ናት። ውባንቺ አልወለደችም፤ ጥጥ ፈትላ ነው የምትኖረው። «እትዬ፣ ልጁን አምጪው። እኔ ጋ ይውላል» አለች።

በማግስቱ አምስት ልጆች መጡ። በሳምንቱ ሠላሳ። እንዝርቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ የት ጊዜ አግኝታ ትፍተል! እናቶቹን ግን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ «ልጃችሁን ስታመጡ መቀነታችሁን ተዉልኝ።» ልጅ የእናቱን መቀነት ካሸተተ ይተኛላታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሠላሳውን መቀነት አንዱን ካንዱ ቋጥራ ረጅም ገመድ ታደርገዋለች፤ ልጆቹ እሱን ይዘው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዝለው፣ እየዘፈኑ ግቢውን ይዞራሉ። የለቀቀ ያን ቀን ቆሎ የለውም። ሰዉ «ውባንቺ ሳታረግዝ ሠላሳ ወለደች» ብሎ ሳቀ። እስቲ ይሳቅ! ድንጋዩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቆመም፤ ካቡ ከደረት አለፈ፣ ከራስ በላይ ሆነ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የውባንቺ ቤት ከካቡ ወዲያ፣ በወንዙ በኩል ነበር። ስለዚህ ለመግቢያ ለመውጫ ብለው የበር ስፋት ያህል ክፍተት ተዉላት። ሐምሌ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ትነሳለች፣ ክፍተቱም ይዘጋል ተባለ። እናቶቹም «እግዜር ይስጥሽ» እያሉ ጠዋት ያስረክቧታል፣ ማታ ይወስዳሉ። በምስጋና ግን ድስት አይጣድም።

ሦስተኛው፣ ወንድማቸው ደባልቄ ነው፤ ሚስቱ ሦስት ልጆች ትታበት ሞታለች። ደባልቄ ሰልፉም ላይ አልወጣ፣ ልጆቹንም ለእህቱ አልሰጠ። «እናታቸው ስትሞት 'በሰው እጅ እንዳታሳድግብኝ' ብላኛለች። ቃሌን አልበላም» አለ። በሬውን አረዱበት። ሰልፈኛው ሥጋውን እየበላ «ሞግዚቱ ደባልቄ» እያለ ቀለደበት። እሱ ገንፎውን ያገነፋል፣ ያጥባል፣ የሴት ልጁን ጸጉር ይጎነጉናል። ቤቱ ከሁሉም በላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት አፋፍ ላይ ነው።

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። እታች ያለው ሰው ምን ያውቃል? ደጋው ላይ ዘንቧል! ደባልቄ ጨርቅ ሊያጥብ ወንዝ ሲወርድ ውሃው ጭቃ፣ ቅጠልና የተነቀለ ሥር ይዞ ሲመጣ አየ። አንዱን ልጅ አዘለ፣ አንዱን ትከሻው ላይ አወጣ፣ አንዱን በእጁ ይዞ ወደ አፋፉ ሮጠና ለአደጋ የሚነፋውን ቀንድ አንስቶ ነፋው። ደጋግሞ ነፋው። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነው፤ ከውባንቺና ከልጆቹ በቀር ቤቱ የቀረ እሱ ብቻ ነበር።

ቀንዱ ሲሰማ እናቶቹ «ልጆቼን!» እያሉ ወደ ክፍተቱ ሊሮጡ ተነሱ። አያልነሽ ክፍተቱ አፍ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። የእሷም ልጅ ከካቡ ወዲያ ነው፤ እንዳትረሱ!

«ማንም አይሩጥ! እዚህ ከተጨናነቅን ሁላችንም አለቅን! ውባንቺ ታመጣቸዋለች፤ እናንተ ድንጋይ አምጡ!» አለች። እያለቀሱ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ፤ ድንጋዩም ክፍተቱ አጠገብ ይከመር ጀመር።

ወዲያ ማዶ ውባንቺ ጥጧን አላነሳች፣ እንዝርቷን አላየች። «መቀነታችሁን ያዙ!» ብቻ አለች። ልጆቹ እንደ ወትሮው ያዙ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዘሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን እየነካ፣ እየዘፈኑ በክፍተቱ ገቡ። አያልነሽ ትቆጥራለች። ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ ውባንቺ መጣች፤ ጀርባዋ ላይ የአያልነሽን ልጅ አዝላለች።

ሠላሳ!

አያልነሽ ልጇን አልሳመችም፣ ጊዜ የለማ! ድንጋይ ተቀበለች፣ አስቀመጠች፣ ተቀበለች፣ አስቀመጠች። ውሃው ወገቧ ሲደርስ የመጨረሻውን ድንጋይ በትከሻዋ ገፍታ አስገባችው። ጉሽ መጣ። ካቡን መታው። ደግሞ መታው። ከዚያ ዞሮ ወደ ምድረ በዳው ሄደ!

እሰይ! እልልታው ተራራውን አናጋው። ሽማግሌው ፎከረ፣ ኮረዳው ጨፈረ፦

«ጉሽ ተመለሰ አንገቱን ደፍቶ፣
የእናት ካብ ቢጠብቀው ደጁን ዘግቶ።»

አንድ ልጅ አልጎደለ፣ አንድ ማሳ አልተነካ። የሄደው የውባንቺ ቤት ብቻ ነው፤ ከነጥጧ፣ ከነእንዝርቷ። እሷ ግን ከሁሉም በላይ ስትጨፍር ነበር።

ጭፈራው ጋብ ሲል ግራዝማች ተነሱ። «'አዝላ ትምጣ' ያልኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» አሉ። ገዥ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ካቡ በየዓመቱ ይጠገናል፤ ልጅም በየዓመቱ ይወለዳል። ከእንግዲህ ከመንግሥት ጎተራ አንዱ ለልጆች ማሳደጊያ ይሁን። ለማን ልክፈተው?»

አያልነሽ አለች፦ «ልጅ እያላቸው ሥራ ለሚወጡት ይሰጥ። ልጃችንን ማን እንደሚይዝልን መርጠን እኛው እንከፍላለን። እኛ ባንወጣ ጎተራውም በጎርፍ ሄዶ ነበር።»

ውባንቺ አለች፦ «ልጆቹ ለሚውሉበት ቤት ይሰጥ። ለእናቶቹ ቢሰጡ የተራበችቱ ለእራቷ ታደርገዋለች፤ አልፈርድባትም፤ ልጇ ግን የት ይውላል? ቤት ይሥሩልኝና የድሀውም የሀብታሙም ልጅ በነጻ ይግባ።»

ደባልቄ አለ፦ «ልጅ ማሳደግ ሥራ ካልሆነ ለውባንቺም አትክፈሏት። ሥራ ከሆነ ደግሞ እኔም ስሠራ ነበር። በሬዬን ብትበሉብኝም ያዳናችሁ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ነው። ልጅ ላለው ሁሉ ይሰጥ።»

ጥጋቡ የሚባሉ ወንደላጤ ሽማግሌ ከኋላ ጮኹ፦ «እኔስ? አንድም አልወለድኩ፤ ጎተራውን የሞላው ግን የእኔም ጤፍ ነው! የወለደ ይወቅበት!»

አንዷ እናት «አይ አባባ፣ ቤትዎን ያተረፈልዎ የማን እጅ ሆነና?» አለቻቸው።

«የእናንተ ነው፤ የእኔም እጅ ግን ድንጋይ ሲያቀብል ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው።

«ይካፈሉት» ልትሉ ነው አይደል? ግራዝማችም አስበውት ነበር። ቢከፋፈል ግን ለእናቶቹ ከእፍኝ አያልፍም፣ የውባንቺን ቤት እስከ ጣሪያ አያደርስም፣ የደባልቄንም በሬ አይተካም። አንዱን ማዳን ይችላል፣ ሁሉንም ግን ይደልላል እንጂ አያድንም።

ይህን ባወራሁበት አገር ሁሉ ባልና ሚስት ተኳርፈው አድረዋል፤ እኔም ቁርጡን ነግሬ ከማንም አልጣላም። ብቻ ነገ ሲነጋ ሰልፍ አለ፤ ካቡ ላይ የተነቃነቀ ድንጋይ አለ። አያልነሽ ልጇን አዝላ መዶሻዋን ይዛለች። ውባንቺ ቤት የላትም፤ መቀነቶቹን ግን ቋጥራ ጨርሳለች። ደባልቄ ሦስቱን ይዞ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ግራዝማች ቁልፉን ይዘው ጎተራው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ሳይነጋም መክፈት አለባቸው።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፦ ጎተራው የሚገባው ለማን ነው?