ቀዩ ድንጋይና የፊታውራሪው አያት

ዘመኑንና የተራራውን ስም ብዘነጋ ይቅርታ፤ ድንጋዩ ቀይ እንደነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ተራራው ላይ ጭቃ ስትቆፍር እንደ ብርሌ የጠራ፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ቀይ ድንጋይ አገኘች። መስኮቷ ላይ ብታኖረው አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያየው፣ እግረ መንገዱንም ማሰሮዋን ይገዛ ጀመር። ወሬው ፊታውራሪ ውብነህ ዘንድ ደረሰና ድንጋዩን ይዛ እንድትቀርብ አስጠሯት።

"ይህ ድንጋይ አያቴ በዚያ ተራራ ላይ ሲዋጉ የፈሰሰው ደማቸው ረግቶ ነው" አሉ በሽማግሌዎች ፊት። "የጀግና ደም ሰርቀሽ የማሰሮ ማሻሻጫ ታደርጊዋለሽ? አስረክቢ፤ አለዚያ ትታሰሪያለሽ።"

ሴትዮዋ ድንጋዩን ከነጠላዋ ቋጠሮ ፈትታ በሁለት እጇ አቀረበች።

"ደማቸው ከሆነስ ይውሰዱት ጌታዬ። ብቻ ሰው የት አገኘሽው ቢለኝ ምን ልበል? ጠላት የመጣው በምሥራቅ ነው ይባላል። እኔ የምቆፍረው በምዕራብ በኩል፣ ወደ አያትዎ ቤት በሚያወርደው ቁልቁለት ነው።"

ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ጢማቸውን ያሹ ጀመር። ፊታውራሪም ድንጋዩን አገላብጠው አዩና መልሰው ሰጧት።

"ተራ ድንጋይ ነው" አሉ።

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ያን ቀንም ድንጋዩ መስኮቷ ላይ ነበር።